የዓመት ልጅ የቀን እንቅልፍና የግቢያችን ከሰዓት በኋላ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው የውሃ ፈረቃ፣ የጥበቃ ደመወዝ መዋጮና የደረጃ ጽዳት ተራ እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ ስለ ሕፃናት የቀን እንቅልፍ ተጽፎ ያየ ሰው «ማኅበሩ ሥራ ፈታ እንዴ?» ሊል ይችላል። ሥራ አልፈታንም፤ እንዲያውም ነገሩ የመጣው ከሥራችን ነው።

ባለፈው ወር ለኮሚቴው ሁለት አቤቱታዎች ቀርበዋል። አንዱ ከታች ፎቅ ሲሆን «ከበላያችን ያለው ሕፃን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሲሮጥና ዕቃ ሲወረውር ያመሻል፤ ዕረፍት አጣን» ይላል። ሁለተኛው ከላይ ፎቅ የመጣ ነው፤ «ምድር ላይ ያለው የብረት መቁረጫ ጩኸት ልጃችንን ቀን አላስተኛ አለ» የሚል ነው። ኮሚቴው ለየብቻ መዝግቦ ለየብቻ መልስ ሊሰጥባቸው አስቧል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም አንድ አቤቱታ ናቸው። ቀን በ7 ሰዓት እንቅልፉን የተነጠቀ ልጅ ነው ማታ በ4 ሰዓት የጎረቤት ጣራ የሚደበድበው። ይህ አባባል የማይዋጥለት ሰው ስለማይጠፋ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ አሁንም የእህቴ ልጅ፣ 14 ወር የሞላው አንድ እሳት የላሰ ወንድ ልጅ፣ ቀን ቀን እኔ ዘንድ ይውላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከኑሮ ያየሁትንና የጤና ሰዎች የሚሉትን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

በሰፈራችን «ቀን ካልተኛ ማታ ቶሎ ይተኛል» የሚባል ነገር አለ። ለትልቅ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ለዓመት ልጅ ግን አይሠራም። የዓመት ልጅ ድካም ሲያልፍበት እንደ እኛ ተዝለፍልፎ አይወድቅም፤ ይብስበታል እንጂ። ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ያለቅሳል፣ ማንኪያ ይወረውራል፣ ያዙኝ ይላል፣ ሲይዙት ልቀቁኝ ይላል። ያየው ሰው «ይኼ ልጅ ምን ዓይነት ጉልበት ነው ያለው!» ይላል። ጉልበት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። ማታም ተኛ ሲባል በቀላሉ አይተኛም፤ ቢተኛም እየባነነ ያድራል። እናቱ ትነቃለች፣ አባቱ ይነቃል፣ ከታች ያሉትም ይነቃሉ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ ላይ፣ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሆነ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። እስቲ እናስላው። ማታ በ2 ሰዓት ተኝቶ ንጋት በ12 ሰዓት ቢነሣ 10 ሰዓት ሆነ። የቀረውን ከቀን ካላገኘው ከየት ያገኘዋል? ስለዚህ የቀን እንቅልፍ ለሕፃን እንደ ምሳው ነው። ምሳውን እየበላ ካለ ልጅ ፊት ሳህኑን የሚያነሣ ሰው የለም። በእንቅልፉ ላይ ግን ግራይንደር እናስነሣለን፣ ጥሩምባ እንነፋለን።

በተለይ በዚህ ዕድሜ ላይ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ልጅ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአብዛኛው ቀን ሁለት ጊዜ ይተኛል፤ አንዴ ረፋድ ላይ በ4 ሰዓት ገደማ፣ አንዴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለቱ እንቅልፍ ወደ አንድ ይጠቀለላል። መሸጋገሪያው ነው መከራው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተኝቶ ከሰዓት በኋላ እምቢ ይላል፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ እምቢ ብሎ ምሳው ፊት ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። እናቶች «ልጄ ምን ነካብኝ» እያሉ የሚጨነቁት ያን ጊዜ ነው። ምንም አልነካውም፤ እያደገ ነው።

እኛ ቤት የረዳን ዘዴ የረፋዱን እንቅልፍ በአንድ ጊዜ አለመቁረጥ ነው። በየሦስት አራት ቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ፊት እየገፉ፣ ከ4 ሰዓት ወደ 5፣ ከ5 ወደ 6 ተኩል ማድረስ ነው። በዚህ መካከል ምሳውን ቀደም አድርጎ፣ በ5 ሰዓት ተኩል ገደማ ማብላት ይገባል፤ አለበለዚያ ወይ ሳይበላ ይተኛል፣ ወይ ርቦት ቶሎ ይነሣል። ገንፎም ይሁን ፍትፍት፣ አልጫ ሽሮም ይሁን ድንች፣ ሆዱ ሞልቶ ይተኛ። ዓይኑን ሲያሽ፣ ጆሮውን ሲጎትት፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ሰዓቱ ደርሷልና ሌላ ሥራ ይቁም። እሱን ሰዓት ካሳለፉት ሁለተኛ እስኪመጣ ብዙ ይቆያል። መጋረጃ ጣል ይደረግ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ እሹሩሩ የለመደ እሹሩሩ ይባል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከሆነ ልጁ ራሱ ያውቀዋል፤ የእኛው መጋረጃው ሲነካ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ይልካል።

ከተኛም በኋላ እስከ መቼ የሚለው ያከራክራል። በእኔ እምነት ከ9 ሰዓት ወይም ግፋ ቢል ከ9 ሰዓት ተኩል በላይ ማስተኛት የማታውን እንቅልፍ መብላት ነው። «ተኝቶልኛል፣ ልብሴን አጥቤ ልጨርስ» ብሎ እስከ 11 ሰዓት መተው ዕዳው ማታ ይመጣል። ቀስ ብሎ መጋረጃውን መግለጥ፣ የቤቱን ድምፅ መመለስ ነው፤ ብድግ አድርጎ መቀስቀስ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ልጅ ማስተኛት ሲያቅት ሰዎች ስለሚወስዱት አቋራጭ መንገድ መናገር አለብኝ። ይህ ክፍል ደስ የማይለው ሰው ቢኖርም ይቅርታ አልጠይቅም።

አንደኛው ሽሮፕ ነው። «ትንሽ የጉንፋን ሽሮፕ ብሰጠው ይተኛል» የሚል ምክር ደረጃ ላይ ሲዘዋወር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሳልና የጉንፋን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ትንፋሹን ሊያዳክም፣ ልቡን ሊያናውጥ ይችላል። ለማስተኛት ተብሎ መስጠትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ጉንፋን ቢይዘው እንኳ ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ምድጃው ፍሙ እንዳለ እቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ «ቤቱ ይሙቅለት» ተብሎ ሕፃኑ እዚያው ይተኛል፤ መስኮት ይዘጋል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ አይታይም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የሕንፃችን ክፍሎች ደግሞ ጠባብ ናቸው። ቡናው እንደ አለቀ ምድጃው ወደ በረንዳ ይውጣ፤ በረንዳም ላይ ቢሆን ልጁ በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ልጁ ሲነጫነጭ ስልክ ይሰጠዋል፣ ዝም ይላል፣ እኛም ዕረፍት ያደረገ ይመስለናል። ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም። ዝም ማለቱ ዕረፍት አይደለም፤ ከስልኩ ሲነጠል የሚያሰማውን ጩኸት የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ማዘልም አንድ ቃል ልበል። ማዘል ባህላችን ነው፤ የተረበሸ ልጅ ጀርባ ላይ ሲሆን ይረጋል፣ በአንቀልባም ይሁን በነጠላ ልባችን ልቡን ያረጋጋዋል። ነገር ግን ያው መመሪያ ልጅ በጋሪም፣ በወንበርም፣ በጀርባም ላይ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይላል። ለማስተኛት አዝሎ ሲተኛ ማውረድ ጥሩ ነው። ሥራ ለመሥራት ሲባል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አዝሎ መዋል ግን እግሩን ማሠር ነው። ያን ዕለት ያልተንቀሳቀሰ እግር ማታ ጣራ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ከእንቅልፍ ከተነሣ በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዓመት ልጅ ረጅም ነው፤ ለአሳዳጊውም ይረዝማል። በቀን ውስጥ ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ሙሉ፣ በተለያየ ጊዜ መንቀሳቀስ አለበት ይላሉ። ሦስት ሰዓት የሚሮጥበት ሳሎን በእኛ ሕንፃ ውስጥ ማን አለው? ስቱዲዮ ቤት የያዘ ሰው ልጁ ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው የሚሄደው። ዳዴ ብሎ የቆመ ልጅ ደግሞ መውደቅ፣ መነሣት፣ መውጣት፣ መውረድ ነው የሚፈልገው።

የሚገዛ መጫወቻ አያስፈልገውም፤ በዚህ ላይ ማንም ሰው ገንዘብ ባያወጣ እመርጣለሁ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ ጣሳ ስጡት፤ ይከታል፣ ያወጣል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይከታል። የዱቄት ወንፊት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ክዳኑ የሚገጥም ድስት፣ አሮጌ ካርቶን። በርጩማ እየገፋ መሄድ እንደ ትልቅ ሥራ ነው የሚያየው። በሳፋ ትንሽ ውሃ፣ አንድ ስኒ፣ አጠገቡም ትልቅ ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ ልብሱ ይርጠብ፣ ምን ይሆናል። ቅጠል ለቀማ፣ ድመት ተከትሎ መሄድ፣ ትልልቆቹ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆሞ ማጨብጨብ። አንድ ነገር ላይ አምስት ደቂቃ ከቆየ ብዙ ቆየ፤ ስለዚህ «ይኼ ልጅ አንድ ነገር ላይ አይረጋም» ብላችሁ አትዘኑ። ቁም ነገሩ ከሩጫ ወደ ረጋ ያለ ነገር እየቀያየሩ መሄድ ነው፤ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይበል፣ ገላ ይታጠብ፣ እራት ይብላ።

እጁ የሚደርስበትን ነገር ግን አስቀድሞ ማየት ነው። ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ የሰዓት ባትሪ ከወለል ይነሣ። ቡና ቁርስ ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ ለዓመት ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ «ትንሽ ቢቀምስ ምን አለበት» የምትሉ እንግዶች አደራችሁን። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በየቤታችን ባልዲና በርሜል አለ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከባድ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ለማየት ዘንበል ካለ መመለስ አይችልም፤ ጥቂት ጣት ከፍታ ያለው ውሃ ይበቃል። ስለዚህ ክዳን ይደረግበት፤ ክዳን ያልተገኘለት ባልዲ ደግሞ ቁልፍ ካለው መታጠቢያ ቤት አይውጣ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚከነክነኝ ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ታገኛለች። ልጁ ዓመት ሲሞላው እናቱ ሥራ ከገባች ወራት አልፈዋል። ቀን ቀን ከልጁ ጋር የምትውለው ወይ አያት ናት ወይ ሞግዚት። አያትየው ጉልበቷን ያማታል፤ አራት ፎቅ ሕፃን ተሸክማ ልትወርድ አትችልም። ሞግዚት የምንላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ ናት። ንጋት በ11 ሰዓት ተነሥታ፣ ልጁ ሲተኛ ልብስ ታጥባለች፣ ሲነሣ እንጀራ ትጋግራለች። ሕፃኑ በምን ሰዓት ግቢ ይውረድ? ከዚያ ማታ «ምን ስታደርጊ ውለሽ ነው እንዲህ የሚነጫነጨው» ትባላለች። ይህ ፍርድ አይደለም። ልጁ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ያህል ግቢ እንዲቆይ የሚፈልግ አሠሪ ያን 2 ሰዓት ከሥራዋ ላይ ይቀንስላት።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን ልመለስ። የእኔ ሐሳብ ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ድረስ በግቢያችን ከባድ ድምፅ እንዲቆም ነው። የብረት ሥራው ባለቤት ጎረቤታችን ነው፤ እንጀራው ነው፤ «ዝጋ» የሚለው ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ብረት መቁረጥና ማሞረድ ጠዋት ቢሆን፣ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት መለካት፣ ቀለም መቀባት፣ ምሳ መብላት ይቻላል። አነጋግሬዋለሁ፤ ፊቱ አልጠቆረም። ግድግዳ የሚያስበሱ ነዋሪዎችም ይህንኑ ሰዓት ይጠብቁ። ቁራሌው በድምፅ ማጉያ እየጮኸ እንዳይገባ ጥበቃዎች በር ላይ ይንገሩት። ይህ ለሕፃናት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት አዳሪ የሆኑ የሆስፒታል ሠራተኞችና ራሳቸው ጥበቃዎቻችንም ቀን ይተኛሉ።

ሁለተኛው ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ከሮቶው ጀምሮ እስከ ጋራ ማብሰያው ያለው ሜዳ መኪና እንዳይቆምበትና እንዳይገባበት ነው። በዚያ ሰዓት አብዛኛው መኪና ባለቤቱ ሥራ ቦታ ነው። የቆሙት ሦስት አራት መኪናዎች ወደ በሩ ጠጋ ቢሉ ቦታ አለ። ወደ ኋላ የሚነዳ ሾፌር ከኋላው የቆመውን የዓመት ልጅ በመስታወቱ ሊያየው አይችልም፤ ቁመቱ አይደርስማ። «ልጅ መጠበቅ የእናቱ ሥራ ነው» የሚል መልስ ከአንድ አባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ግቢው የጋራ መሆኑን መዋጮ ስንሰበስብ እንናገራለን፣ ለልጅ ሲሆን ደግሞ የመኪና ብቻ ይሆናል። በዚያ ሜዳ ላይ በየዕለቱ ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ቢቀመጡ፣ ቡናቸውንም ከጎረቤት ሲጠጡ፣ የቀሩት እናቶችና ሞግዚቶች እፎይ ይላሉ። ጀበናውና ምድጃው ግን ከሜዳው ራቅ ይበል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ስለሚጨቀይ የምድር ቤቱ ኮሪደር ለዚህ ይሁን፤ እዚያ የተከመረው የአሮጌ ዕቃ ክምር ባለቤት ይነሣበት።

ሦስተኛው በየፎቁ ደረጃ አፍ ላይ የጣውላ መዝጊያ ማሠራት ነው። የበረንዳ ብረታቸው ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ቤቶችም አሉ። አናጢ አስጠይቄ ዋጋውን ለስብሰባ አቀርባለሁ፤ ከመጠባበቂያው ሒሳብ ይሸፈን ወይስ መዋጮ ይደረግ የሚለውን እናንተ ወስኑ።

የታች ፎቅ ነዋሪዎችንም አልረሳሁም። ከላይ ያላችሁ ቤተሰቦች ልጁ የሚሮጥበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ደርባችሁ አንጥፉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ኳስና ጣሳ ይሰብሰብ። ልጁ ቀን ተኝቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ሮጦ የዋለ ከሆነ ይህን ማድረግ ያን ያህል አይከብዳችሁም።

ጠቅላላ ስብሰባው የሚደረገው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጋራ ማብሰያው ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሐሳብ ያላችሁ፣ የምትቃወሙም ጭምር፣ ጥበቃ ቤት ባለው ደብተር ላይ የቤት ቁጥራችሁን አስፍራችሁ ጻፉ። የሜዳውን ተራ ለመያዝ የምትፈልጉም እዚያው ተመዝገቡ፤ እስካሁን አምስት ሰው ነው የተመዘገበው፣ ከነሱም ሁለቱ አባቶች ናቸው። ሕፃን ያላችሁ ወደ ስብሰባው ይዛችሁት መምጣት ትችላላችሁ። የረፋድ እንቅልፉን ገና ያልተወ ከሆነ ግን 4 ሰዓት ሳይሞላ ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ሂዱ፤ አጀንዳውን በእናንተ እንጀምራለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ